የጎርፍ መድን ውልና የወንዝና የሐይቅ ዳርቻ መሸርሸርን የመከላከል ዘዴ

ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

እንደሚታወቀው በአገራችን ጎርፍ በየክረምቱ በሰው ሕይወት፣ በሰብል፣ በከብትና በንብረት ላይ ከፍተኛ ጉዳት ያደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብቻ የደጫቱ ወንዝ በድሬዳዋ ከተማ ከ250 በላይ፣ የኦሞ ወንዝ በታችኛው ተፋሰስ ከ300 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በዚያው ክረምት በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚገኙት የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ሜዳዎች በውሃ ተጥለቅልቀው ብዙ ቤተሰቦች ከቀያቸው ለመነሣት ተገደዋል።

በእነዚህ ሜዳዎች የሚገኙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ወፍጮና የሩዝ መፈልፈያ ባለቤቶች ናቸው። ንብረት ሲበዛ ሥጋቱም ስለሚበዛ «መድን ብንገባ ጎርፍ ሲመጣ ይከፈለናል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከአባላት ይቀርባል። መልሱ በአንድ ቃል የሚሰጥ አይደለም። ውሃ ንብረትን የሚያጠፋበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ ድንገተኛ ነው፣ ሁለተኛው ዝግተኛ ነው። መድን በአብዛኛው የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ አረቦን የሚከፍል ማኅበር ችግር በደረሰበት ቀን ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የመድን ውል እንዴት እንደሚነበብ፣ ዳርቻ ለምን እንደሚናድ፣ መናዱ እንዴት እንደሚለካና ማኅበሩ ገንዘቡንና ጉልበቱን በሁለቱ ሥጋቶች መካከል እንዴት እንደሚያከፋፍል እናስረዳለን።

1. ጎርፍና የዳርቻ መሸርሸር

ጎርፍ ማለት ወንዝ ከአፉ ሞልቶ ሲፈስ፣ ሐይቅ ከወትሮው መጠን አልፎ ሲወጣ፣ ወይም ዝናብ በሜዳ ላይ ሲተኛ የሚፈጠር ነው። ይመጣል፣ ጉዳት ያደርሳል፣ ይሸሻል። ውሃው ሲሸሽ መሬቱ በቦታው አለ።

የዳርቻ መሸርሸር ግን መሬቱን ራሱን ይወስዳል። ዘንድሮ አንድ ክንድ፣ ለከርሞ አንድ ሜትር፣ አንዳንድ ክረምት ደግሞ ሦስትና አራት ሜትር ይናዳል። የተወሰደው መሬት አይመለስም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት በትክክል ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ዓመት የሚጠፋው ጥቂት ስለሚመስል የሚደነግጥ ሰው የለም።

ለምሳሌ የፎገራን ሜዳ እንውሰድ። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው በሜዳው መካከል አልፈው ጣና ይገባሉ። ከተራራው አፈር ተሸክመው ሲወርዱ ሜዳው ላይ ኃይላቸው ስለሚደክም ደለሉን በወንዙ ወለል ላይ ይጥሉታል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ወንዙ ቶሎ ይሞላል። የወንዞቹ ሙላት በሐምሌና በነሐሴ ሲበረታ፣ የሐይቁ መጠን ከፍተኛ የሚሆነው ግን በመስከረምና በጥቅምት መግቢያ ነው። ስለዚህ ወንዙ ጎደለ ሲባል ሐይቁ ገና ሞልቶ የወንዙን አፍ ያፍነዋል። ገበሬው በአንድ ክረምት ሁለት ዓይነት ውሃ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ዳርቻ ለምን ይናዳል?

ዳርቻው የሚናድበትን ምክንያት ሳይለዩ መከላከያ መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. የእግር መቦርቦር፦ ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ ውሃው ወደ ውጪኛው ጎን ስለሚገፋ የዳርቻውን እግር ከሥር ይቦረቡረዋል። ከላይ ያለው አፈር ድጋፉ ሲጠፋ ተገንድሶ ይወድቃል።

ለ. ውሃው ሲጎድል መናድ፦ ብዙ ሰው ዳርቻ የሚናደው ወንዙ በሞላበት ቀን ይመስለዋል። ነገር ግን ውሃው በሞላ ጊዜ ዳርቻውን ደግፎ ይይዘዋል። ወንዙ በድንገት ሲጎድል ውሃ የጠጣው ከባድ አፈር ድጋፉን ያጣና ይወርዳል። ስለሆነም ሙላቱ አለፈ ተብሎ ሰውም ከብትም ወደ ዳርቻው የሚጠጋበት ሰሞን እጅግ አደገኛው ነው።

ሐ. የመረሬ አፈር መሰንጠቅ፦ ጥቁሩ የመረሬ አፈር በበጋ በጥልቀት ይሰነጠቃል። የክረምት ውሃ ወይም ከመስኖ ቦይ የሚሰርግ ውሃ በስንጥቁ ሲገባ የዳርቻው አፈር እንደ ቂጣ ተቆርሶ ይወድቃል።

መ. ማዕበል፦ በሐይቅ ዳር ነፋስ የሚያስነሣው ማዕበል ዳርቻውን ያለማቋረጥ ይመታል። ደንገልና ፊላ ባለበት ቦታ ማዕበሉ ኃይሉ ደክሞ ይደርሳል። ደንገሉ ተጨፍጭፎ ለእርሻ በዋለበት ቦታ ግን ማዕበሉን የሚያበርድ ነገር የለም።

ሠ. የሰው ሥራ፦ እስከ ወንዙ አፍ ድረስ ማረስ፣ ከዳርቻው ሥር አሸዋ መቆፈር፣ ከብቶችን በየቦታው ወደ ውሃ ማውረድ፣ በዳርቻው ላይ ያለውን ዛፍ መቁረጥ መናዱን ያፋጥናሉ። በቁጥራችን ከሁሉ በኋላ ብንጠቅሰውም ማኅበሩ ያለ ምንም ወጪ ነገውኑ ሊያቆመው የሚችለው ይህንኑ ነው።

3. የመድን ውል እንዴት ይነበባል?

መድን ማለት ብዙዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ጉዳት የደረሰበትን የሚክሱበት ውል ነው። ከዕድርና ከዕቁብ ጋር ለኖረ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ መድን ሰጪው የሚከፍለው በወረቀት ላይ ለሰፈረው ጉዳት ብቻ መሆኑ ነው። በአገራችን የመድን ውል የሚተዳደረው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ሲሆን፣ መድን ሰጪ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው።

የልማት ሠራተኛው ከማኅበሩ ሊቀመንበርና ከሒሳብ ሹሙ ጋር ተቀምጦ የሚከተሉትን ነጥቦች ከውሉ ላይ እየፈለገ ማንበብ ይኖርበታል።

ሀ. የተሸፈነው አደጋ ምንድን ነው? የጎርፍ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከእሳት መድን ጋር በተጨማሪ አረቦን የሚገኝ ነው። «የእሳት መድን አለን» ማለት «የጎርፍ መድን አለን» ማለት አይደለም። ጎርፍ የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ለ. ያልተሸፈነው ምንድን ነው? ይህ ክፍል ከሁሉ በላይ ሊነበብ ይገባል። «ቀስ በቀስ የሚደርስ መሸርሸር»፣ «የመሬት መስመጥ ወይም መንሸራተት»፣ «በእርጅና ወይም በጥገና ጉድለት የደረሰ ጉዳት» የሚሉ ሐረጎች ካሉ ዳርቻው ተንዶ የሞተር ቤቱን ቢወስድ መድን ሰጪው አልከፍልም ሊል ይችላል።

ሐ. የተሸፈነው ንብረት የትኛው ነው? ሕንፃው ብቻ ነው ወይስ በውስጡ ያለው እህል፣ ማዳበሪያና መሣሪያም አለበት? ከመጋዘኑ ውጭ በወንዙ ዳር የተተከለው ሞተር በስሙ ተመዝግቧል? መሬቱ ራሱ በንብረት መድን አይሸፈንም፤ በማሳ ላይ ያለ ሰብልም የራሱ የተለየ ውል ይፈልጋል።

መ. ማኅበሩ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ስንት ነው? ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ የመጀመሪያው ጥቂት ገንዘብ በመድን ገቢው የሚሸፈን ነው። መጠኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሠ. ሽፋኑ የሚጀምረው መቼ ነው? ደመና ከጠቆረ በኋላ መድን ፍለጋ መሮጥ አይጠቅምም። ውሉ ከክረምት በፊት መፈረምና አረቦኑ መከፈል አለበት።

4. ዋጋን አሳንሶ ማስመዝገብ የሚያስከትለው ጉዳት

አረቦን ለመቀነስ ሲባል የንብረቱን ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው። ለምሳሌ አንድ መጋዘን ከነዕቃው 2,000,000 ብር ያወጣል እንበል። ማኅበሩ ያስመዘገበው ግን 1,000,000 ብር ነው። ጎርፍ ገብቶ የ400,000 ብር ጉዳት ቢያደርስ አባላቱ «ከተመዘገበው በታች ስለሆነ ሙሉውን እናገኛለን» ብለው ይጠብቃሉ። ይሁን እንጂ መድን የተገባው ለንብረቱ ግማሽ ዋጋ ስለሆነ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የሚከፈለውም የጉዳቱ ግማሽ ነው፤ ይኸውም 200,000 ብር፣ ከዚያም ላይ ማኅበሩ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል።

አጋንኖ ማስመዝገብም አይጠቅምም። ካሣው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ትክክለኛው ዋጋ በየዓመቱ እየታየ መታረም አለበት። የዕቃ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ከሦስት ዓመት በፊት የተመዘገበ ዋጋ ሳይታወቅ አንሶ ይገኛል።

5. ከሌሎች ቦታዎች የተገኘ ትምህርት

በአሜሪካ የጎርፍ መድንን የሚመራ ብሔራዊ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1968 ተቋቁሟል። በዚህ ፕሮግራም ውል መሠረት በሐይቅ ወይም በመሰል የውሃ አካል ዳር መሬት ሲናድ ካሣ የሚከፈለው ማዕበሉ ወይም የውሃው ግፊት ከሚጠበቀው መጠን አልፎ ጎርፍ ባስከተለ ጊዜ ነው። በየዓመቱ ቀስ በቀስ የሚደርሰው መሸርሸር አይካስም፤ መሬትም አይካስም። አዲስ ውልም በአብዛኛው የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው።

በእዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣ ማሻሻያ፣ ዳርቻው ተንዶ ሊወድቅ ለተቃረበ ቤት ከመውደቁ በፊት እንዲነሣ ወይም እንዲፈርስ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ዓላማው ሰዎች በጊዜ እንዲርቁ ማበረታታት ነበር። ለማፍረስ የሚሰጠው ለማንሣት ከሚሰጠው ይበልጥ ስለነበር አብዛኛው ባለቤት የመረጠው ማፍረስን ነው። ደንቡም እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ እንዲቀር ተደርጓል። ከዚህ የምንማረው፣ እንደዚያ ያለ ሀብትና የረጅም ዘመን የመድን ልምድ ባለበት አገር እንኳ ዝግተኛው መሸርሸር በመድን ብቻ ያልተፈታ መሆኑን ነው።

ከአገራችን ደግሞ በትግራይ በአዲ ሐ የተጀመረውን ሥራ እንጥቀስ። በ2001 ዓ.ም. ለጤፍ ገበሬዎች የድርቅ መድን ሲዘጋጅ ካሣው የተመሠረተው በእያንዳንዱ ማሳ ጉዳት ላይ ሳይሆን በተለካ የዝናብ መጠን ላይ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ያልነበረው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ እንዲከፍል ተፈቀደለት፤ ጉልበቱም የዋለው በአካባቢው የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራ ላይ ነው። ይህ ሥራ የድርቅ እንጂ የጎርፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለእኛም ይሠራል፤ መድን የገባ ሰው ሥጋቱን የሚቀንስ ሥራ አብሮ መሥራት አለበት።

6. የዳርቻውን መናድ መለካት

የማይለካ ጉዳት አይታይም። የሚከተለው ዘዴ ገመድ፣ ሜትርና ጥቂት ችካል ብቻ ይፈልጋል።

አንደኛ፣ ከዳርቻው አፍ 20 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ በመግባት በየ25 ሜትሩ ጠንካራ ችካል ይተከላል። ችካሉ ከብት የማይነቅለው መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት መጨረሻና ውሃው ከሸሸ በኋላ በኅዳር ከየችካሉ እስከ ዳርቻው አፍ ያለው ርቀት ይለካል።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ በአንድ መዝገብ ላይ ከቀኑና ከለካው ሰው ስም ጋር ይጻፋል። መዝገቡ ከማኅበሩ ቢሮ አይወጣም።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። የአንድ ማኅበር የሞተር ቤት ከዳርቻው አፍ 18 ሜትር ይርቃል እንበል። የመዝገቡ አማካይ በዓመት 1.5 ሜትር መናዱን፣ በአንድ መጥፎ ክረምት ግን 4 ሜትር መሄዱን ያሳያል። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው «ገና 12 ዓመት አለን» ይላል። እኛ ግን ሦስት መጥፎ ክረምቶች በተከታታይ ቢመጡ የሚወስዱትን ርቀት እንደ ወሰን እንዲያዝ እንመክራለን፤ ይህም 12 ሜትር ነው። ከ18 ሜትር ላይ 12 ሲቀነስ የሚቀረው 6 ሜትር ነው። 6 ሜትር በአማካዩ ሲካፈል 4 ዓመት ይሆናል። እንግዲህ ማኅበሩ የሞተር ቤቱን ለማንሣት ያለው ጊዜ 12 ዓመት ሳይሆን 4 ዓመት ነው። ማንሣቱ 240,000 ብር የሚፈጅ ከሆነ ከትርፉ በየዓመቱ 60,000 ብር በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

በአጭሩ፣ አረቦን ለድንገተኛው ጉዳት፣ ቁጠባ ለዝግተኛው ጉዳት ይውላል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

7. ዳርቻን መጠበቅ

ሀ. ከዳርቻው አፍ ቢያንስ 10 ሜትር የማይታረስ ጥብቅ ሣርና ዛፍ ይተው። መሬት በጠበበበት አካባቢ ይህ ከባድ ጥያቄ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ የሚበቅለው ሣር በጥብቁ አጠገብ ለሚያርሱት ገበሬዎች በእጭዳ እንዲከፋፈል ማኅበሩ ቢወስን ጥብቁ ጠባቂ ያገኛል።

ለ. በላይኛው ተዳፋት ቬቲቨር ሣር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ በመስመር ይተከላል። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ አፈሩን ይይዛል፤ በዘር ተስፋፍቶ ማሳ አይወርርም። በመጀመሪያው ዓመት ከከብት መጠበቅ አለበት።

ሐ. በታችኛው ተዳፋት አኻያ ይተከላል። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ በሜትር ተቆርጦ ሁለት ሦስተኛው በእርጥብ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ውሃው ከሸሸ በኋላ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቢተከል ሙላቱ እስኪመለስ ሥር ይሰዳል።

መ. የዳርቻው እግር ክፉኛ በተቦረቦረበት የወንዝ መታጠፊያ ሣርና ቁጥቋጦ ብቻቸውን አይበቁም። ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ጋቢዮን ያስፈልጋል። መሠረቱ ከወንዙ ወለል በታች ካልገባ ውሃው ከሥሩ ቦርቡሮ ይገለብጠዋል። ይህን ሥራ የወረዳው ባለሙያ ሳያየው እንዳይጀመር እናሳስባለን።

ሠ. ከማዶ ካለው ቀበሌ ጋር ሳይመክሩ ጋቢዮንም ሆነ የአፈር ክትር መሥራት አይገባም። እዚህ የተገፋ ውሃ ማዶውን ይመታል። በአንድ ወገን የዳነው ማሳ በሌላው ወገን የጠፋ ማሳ ከሆነ አካባቢው ያተረፈው ጠብ ብቻ ነው።

ረ. ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት አንድ መንገድ ተለይቶ በድንጋይ ይነጠፍ። የአሸዋ ቁፋሮ ከዳርቻው እግርና ከወንዝ መታጠፊያ ይራቅ። የመስኖ ቦይ ውሃ በዳርቻው አጠገብ እንዳይሰርግ ይደፈን።

ሰ. በሐይቅ ዳር ደንገልና ፊላ እንዳይመነጠር ይጠበቅ። በጣና ዙሪያ ባሕር ሸሽ በሚባለው እርሻ ውሃው እየሸሸ ሲሄድ እየተከተሉ ማረስ የቆየ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ በሐይቁና በማሳው መካከል የደንገል ቀበቶ መቅረት አለበት።

8. የዓመቱ የሥራ መርሐ ግብር

ከጥቅምት እስከ ኅዳር፦ ዳርቻውን መለካት፣ አኻያ መትከል፣ ባሳለፍነው ክረምት የደረሰውን ጉዳት መመዝገብ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ የድንጋይና የጋቢዮን ሥራ፣ የቦይ ጥገና፣ ከአጎራባች ቀበሌዎች ጋር ምክክር።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ የንብረቱን ዋጋ ማረም፣ የመድን ውሉን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንብቦ ማስረዳት፣ መፈረምና አረቦን መክፈል፣ የዓመቱን ሁለተኛ ልኬት መውሰድ።

ከሰኔ እስከ መስከረም፦ በዝናቡ መግቢያ ቬቲቨር መትከል፣ በመጋዘን ውስጥ እህልና ማዳበሪያ በከፍታ መደርደር፣ ተነቃቃይ ሞተሮችን ከዳርቻው ማራቅ፣ ተረኛ ጠባቂ መመደብ።

9. ጉዳት በደረሰ ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ሕይወት ይትረፍ። ንብረት ለማውጣት ሲባል ማንም ሰው ወደ ሙላት እንዳይገባ፣ ውሃው በመጉደል ላይ እያለም ወደ ዳርቻው እንዳይጠጋ ኮሚቴው በጥብቅ ይከልክል። ከዚያ በኋላ በውሉ በተወሰነው ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ውሃው በግድግዳው ላይ የደረሰበትን ምልክት መለካትና ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የተበላሸውን ዕቃ ገማቹ ሳያየው አለመጣል፣ የተረፈው ግን ይበልጥ እንዳይበላሽ መጠበቅ ያስፈልጋል። የዳርቻው መዝገብ እዚህም ይጠቅማል። ጉዳቱ በአንድ ሌሊት ሙላት የደረሰ መሆኑን ከግንቦቱ ልኬት ጋር አነጻጽሮ ማሳየት የሚችል ማኅበር ለክርክሩ ማስረጃ አለው።

ማጠቃለያ

መድን የወደቀውን ያነሣል እንጂ ወንዙን አያቆምም። ችካልና ሣርም መናዱን ያዘገያሉ እንጂ የአንድ ሌሊትን ሙላት አይመልሱም። ማኅበሩ ሁለቱንም አጣምሮ ሲይዝና መሬቱ ሊያቆመው የማይችለውን ንብረት በጊዜ ሲያነሣ የአባላቱ ላብ በውሃ አይወሰድም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ሥራው የሚጀመረው ወንዙ ጎድሎ ሁሉም በተዘናጋበት በበጋው ወራት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የማኅበራችሁ የመድን ውል ጎርፍን ይሸፍናል? መሸርሸርንና የመሬት መንሸራተትን በሚመለከት ምን ይላል?
2. የተመዘገበው የንብረት ዋጋ መጨረሻ የታረመው መቼ ነው?
3. ከዳርቻው አፍ በቅርብ ርቀት ላይ ያለው ንብረታችሁ የትኛው ነው? ባለፉት ሦስት ክረምቶች ዳርቻው ምን ያህል ተናደ?
4. ይህን ንብረት ለማንሣት ስንት ብር ያስፈልጋል? ቁጠባውስ ከየት ይገኛል?
5. በዳርቻው ላይ ያለ ወጪ ከዛሬ ጀምሮ ልታቆሙት የምትችሉት ጎጂ ሥራ የትኛው ነው?